እየኖርንበት የምናድሰው የጭቃ ቤት፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። የአባታችንን ቤት እያደስን እዚያው እየኖርን ነው። የሳሎኑ ምርጊት ተራግፎ ማገሩ ወጥቷል፣ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቀን እንተኛለን፣ አቧራው ሊጥ ውስጥ ሳይቀር እየገባ እናቴ ስታስል ታድራለች። ኪራይ ቤት እንግባ ስላት ከቤቴ አልወጣም አለች። ሠራተኛው ግድግዳውን በሲሚንቶ ልለስነው ይላል። ምን ትሉኛላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። ሲሚንቶውን ግን ተይው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ይለቃል፤ ሲሚንቶ ሲለብስ ይታፈንና ተሰንጥቆ ይገነጠላል። የጤፍ ጭድ አስገብተሽ ጭቃው በደንብ እስኪቦካ ጠብቂ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱ ስላለ ምርጊት ቶሎ አይደርቅም፤ ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ።

ከሐይቅ፦
ከምርጊት በፊት ቋሚዎቹን እዩ! ግርጌያቸውን በቢላ ውጊው፣ ዘልቆ ከገባ ምስጥ በልቶታል። እኛ ሳናይ መርገን በዓመቱ አፍርሰን ደገምነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለም መጀመሪያ እሱን።

ከደሴ፦
የእናትሽ ሳል ነው ያሳሰበኝ። የሚሠራበትን በር በእርጥብ አንሶላ ጋርዱት፣ ከመጥረጋችሁ በፊት ውሃ እርጩ። ቀን ቀን ጎረቤት ቡና ላይ ትዋል፣ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሳሉ ከቀጠለ ግን ሐኪም ያያት።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጥልኝ። አሁኑኑ ወጋሁት፣ የማዕዘኑ ቋሚ ቢላውን እስከ እጀታው ዋጠው። ነገ አናጢ እጠራለሁ።