ጎንደር ላይ የጡት ዕጢ ናሙና የት ይመርመር? የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን አንዲት እህት «እናቴ ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኘባት፤ ጎንደር ውስጥ የትኛው ላብራቶሪ ይሻላል?» ብላ ጠይቃ ነበር። የመለሰላት ሁሉ የየራሱን ስም ጠራ። እኔም አክስቴን ይዤ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ስል ከርሜያለሁና የደረስኩበትን ልጻፍ። ሐኪም አይደለሁም። ወረቀት ተሸክሜ የዞርኩ የወንድም ልጅ ነኝ።

መጀመሪያ የተሸወድንበትን ልንገራችሁ። አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) «የካንሰር የደም ምርመራ» አዘዘልን። ሲኤ 15-3 የሚባል ፕሮቲን ደም ውስጥ ስንት እንዳለ የሚለካ ነው። ውጤቱ ኖርማል ነው ተባልን። አክስቴ እልል አለች፣ ቡና ተፈላ፣ ሁለት ወር በከንቱ አለፈ። ዕጢው ግን አልተኛም። በኋላ እንደገባኝ ካንሰሩ ገና ጡት ላይ ብቻ እያለ ይህ ፕሮቲን ብዙ ሰው ደም ውስጥ አይጨምርም። ይበልጥ የሚጠቅመው የተሰራጨ ካንሰር ያለበት ሰው ሕክምናው እየሠራለት እንደሆነ ለመከታተል ነው። ጡቷ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ዕጢ ላላት ሴት «ኖርማል» መባሉ ምንም ዋስትና የለውም። ብሩን ለናሙናው አስቀምጡት።

ቀጭኑ መርፌስ? ኤፍኤንኤ የሚሉት ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ለማየትም ይረዳል። ግን የሚያወጣው የተበታተኑ ሴሎችን ነው። የዕጢውን ጠባይ የሚናገሩትን ፕሮቲኖች በአስተማማኝ ለማየት ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ኮር ባዮፕሲ (በወፍራም መርፌ ቁራጭ ሥጋ የሚወሰድበት) ይሠራልን ወይ?» በሉት። እኔ የምጠቁመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ነው። ወረፋ አለው፣ አልዋሽም። ግን ቀዶ ሐኪሙም ፓቶሎጂውም (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ አንድ ነገር ሲያጠራጥር ይጠያየቃሉ። ለኔ ይሄ ከየትኛውም የግል ላብራቶሪ ፈገግታ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው። «ካንሰር ነው» የሚል ወረቀት ስትቀበሉ ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። ቀጥሎ አራት ነገር ጠይቁ፦ ኢአር፣ ፒአር፣ ኸር2 እና ኪ-67። ሁሉም ከዚያው ቁራጭ ላይ በማቅለሚያ የሚታዩ ፕሮቲኖች ናቸው። ኢአርና ፒአር ዕጢው የሴት ሆርሞን እንደሚቀበል ያሳያሉ። ከሴሎቹ 1 በመቶው እንኳ ኢአር ከቀለመ ፖዘቲቭ ይባላል፤ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ሆርሞኑን የሚከለክል ኪኒን ሊታሰብ ይችላል። ኸር2 ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። 3 ከሆነ ዕጢው በተፈጥሮው ፈጣን ነው፣ ግን ልኩን የሚያውቅ መድኃኒት አለው። ትራስቱዙማብ ይባላል፤ ከ1998 ጀምሮ አለ፣ ዋጋው ግን ወገብ ይሰብራል። 2 ከመጣ ገና አልታወቀም ማለት ነው፤ ፊሽ የሚባል፣ የኸር2ን ጂን ብዛት የሚያይ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ኢአር፣ ፒአርና ኸር2 ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ዕጢው ኃይለኛ ነው፤ ኪሞው ሳይዘገይ እንዲጀመር ተከታተሉ። ኪ-67 ደግሞ ስንቱ ሴል ለመባዛት እንደተነሳ ይቆጥራል። 5 በመቶና ከዚያ በታች ቀርፋፋ፣ 30ና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። በመሃል ያለው ላይ ሁለት ፓቶሎጂስት ሁለት ቁጥር ሊሰጣችሁ ስለሚችል እሱን ብቻ ይዛችሁ እንቅልፍ አትጡ።

አንዱ በውስጥ መስመር «ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ?» ብሎኛል። ወንድሜ፣ ከከተማው በፊት ብልቃጡን እይ። ናሙናው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑም የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። እዚያ ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆያል። ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅጥቆ የመጣ ናሙና በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ የተበላሸውን የአዲስ አበባ ማሽንም አያድነውም። ናሙና ተቀብሎ ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ «ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት ትጽፋላችሁ?» በሉት። ግራ ከተጋባ ሌላ ፈልጉ።

የተሻለው ግን ሥጋው እዚሁ ጎንደር በሰም ተደፍኖ ብሎክ ከሆነ በኋላ ብሎኩን ይዞ መሄድ ነው። ብሎክ ለዓመታት ይቆያል፣ ከሱ ደጋግሞ ይቆረጣል። ተቆርጦ የከረመ ስላይድ (መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ ቁራጭ) ግን ማቅለሚያውን መቀበል እየደከመ ይሄዳል።

የአክስቴ ኸር2 የመጣው 2 ሆኖ ነበር። ብሎኩን ባንጠይቅ ኖሮ እንደገና መርፌ ነበር የሚጠብቃት። ተፈራርመን ወሰድነው፣ ፊሹ አዲስ አበባ ተሠራ፣ ኔጋቲቭ ሆነ። ኢአር ፖዘቲቭ ስለነበረች አሁን ኪኒኗን ከጠዋት ቡና ጋር ትውጣለች። ብሎኩን መልሰን ተቀብለናል። ሰም ስለሆነ ሙቀት አይወድም፤ እሷ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር አስቀምጣዋለች።