ውድ ሻንጣ ያዋጣል ወይስ ለስሙ ነው የሚከፈለው?

ጥያቄ፦ በዓመት አራት አምስቴ ለሚበር ሰው እንደ ሪሞዋ ያለ ውድ ብራንድ ሻንጣ ዋጋውን ያወጣል?

መልስ 1፦ ስሙን ተወውና ገልብጠህ ጎማውን እይ። ሻንጣ ቶሎ የሚሞተው በጎማ፣ በእጀታና በዚፕ ነው። ጎማው በብሎን ከታሰረ በቀላሉ ይቀየራል፤ በሪቬት (በማይፈታ የብረት ምስማር) ከተመታ ግን መብሳት ይጠይቃል። አካሉ ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ይሁን፤ ሲመታ ጎብጦ ይመለሳል። ኤቢኤስ የተባለው ሌላው ፕላስቲክ ግን ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል።

መልስ 2፦ አሉሚኒየም ያምራል፣ ግን ከጎደጎደ ጎደጎደ ነው። ትልቁ ባዶውን ከ5 ኪሎ ያልፋል፤ አየር መንገድ ብዙ ጊዜ ከሚፈቅደው 23 ኪሎ ላይ ቀንሰው! ደግነቱ ዚፕ የለውም፤ ተራ ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ይፈለቀቃል።

መልስ 3፦ እኔ የምከፍለው ለዋስትናው ነው። ብሪግስ ኤንድ ራይሊ የተባለው ሻንጣ አምራች፣ አየር መንገድ የሰበረውንም ይጠግናል። የሪሞዋ የዕድሜ ልክ ዋስትና ግን ጭረትና ጉድጓድ አይሸፍንም። ዋስትናው ካላስፈለገህ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ግዛ።