ስስል ሽንት ያመልጠኛል፣ ኦፕራሲዮን ላድርግ? (ጅማ፣ አስቸኳይ)

የሄርማታዋ፦
ሰላም እህቶቼ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጉንፋን ይዞኛል። በሳልኩ ቁጥር ሽንት ያመልጠኛል። ዛሬ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስነጠስኩና ቀሚሴ ከኋላ ረጠበ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ ወጣሁ፣ ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኳቸው እንኳ አላስታውስም። የሥራ ባልደረባዬ እህቷ አዲስ አበባ በኦፕራሲዮን መረብ (የሽንት ቧንቧን ከሥር የሚደግፍ የፕላስቲክ ጨርቅ) አስገብታ እንደዳነች ነገረችኝ። ለእኔም ቀጠሮ ልታስይዝልኝ ነው፣ ነገ ማታ መልስ ትፈልጋለች። ከኦፕራሲዮን ሌላ መፍትሔ የለውም አይደል? መረቡ ላይ የተጠናውን የምታውቁ ንገሩኝ። ባሌ ገና አያውቅም።

የሦስት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እናቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ኬግል ሥሪ። ሽንቱ እንደመጣበት ሰው ጭምቅ አድርገሽ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂ። እኔ ሽንት ቤት ተቀምጬ መሃል ላይ እያቋረጥኩ ነው የለመድኩት።

ቡናዬ፦
ብቻ ቡና ተዪ የሚል ሰው እንዳይመጣ። ጅማ ላይ ቡና ተዪ ማለት አገር ልቀቂ ማለት ነው። ለማንኛውም ውሃ ቀንሺ፣ እኔ ረጅም መንገድ ስሄድ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሲስተር፦
ውሃ አትቀንሺ፣ በተለይ የምታጠቢ ከሆነ። ሽንት ሲወፍር ፊኛን ያስቆጣል። ሽንት መሃል ላይ ማቋረጥም ጡንቻው የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንዴ ይሞከራል እንጂ ስፖርት አይደረግም፣ ፊኛው ሳይጨርስ እንዲቀር ያለማምዳል።
አሁን አንቺ ያልነገርሽን አለ። ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው? የሚያመልጥሽ ስትስዪ ብቻ ነው ወይስ ድንገት መጥቶ ሽንት ቤት ሳትደርሺም? ሲወጣ ያቃጥላል? ሌሊትስ?

የሄርማታዋ፦
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። ከወለድኩ 7 ወሬ ነው፣ ሁለተኛዬ ነው፣ 4 ኪሎ ከ200 ነበር፣ በምጥ ነው የወለድኩት። ሳል፣ ማስነጠስ፣ ጄሪካን ማንሳት፣ በነዚህ ነው የሚያመልጠኝ። አያቃጥልም። ሌሊት ደረቅ ነኝ። ጉንፋኑ ሳይመጣ በፊትም ትንሽ ትንሽ ነበር፣ በሞዴስ ነው ስሸፍነው የከረምኩት።

ሲስተር፦
ሌሊት ደረቅ መሆንሽ ደስ ይላል። ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ። ያ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ምጥ ከረዘመ በኋላ ከሆነ። በስፖርት አይዘጋም፣ ወዲያው መታየት አለበት። ይህን የምታነብ እንደዚያ የሆነች እህት ካለች አትደበቂ። ፊስቱላ የሚያክመው ሐምሊን መቱ ላይም ማዕከል አለው።
አንቺ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሽንትሽን ተመርመሪ፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ይረጋገጥ። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ለሳልሽ ራሱ ሂጂ፣ ቲቢ መታየት አለበት።

የፊዚዮ ባለሙያ፦
እህቴ፣ «ሌላ መፍትሔ የለውም አይደል» ያልሽውን ማን ነገረሽ? ተገላቢጦሽ ነው። በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚታዘዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ (ፊኛን ከሥር የሚደግፈው) ልምምድ ነው፣ ኬግል የሚሉት። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 ነው ጽሑፉን ያወጣው (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው)። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2018 ባወጣው ግምገማ 31 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። እንዳንቺ በሳልና በማስነጠስ ከሚያመልጣቸው መካከል ልምምዱን ከሠሩት ከመቶ 56ቱ ድነናል ብለዋል፣ ካልሠሩት 6ቱ ብቻ። ይህ ቁጥር ከ4 ጥናቶች፣ ከ165 ሴቶች የመጣ ነው፣ ስለዚህ እንደ ወንጌል አትያዢው። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።
ችግሩ አሠራሩ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ ቢያንስ 3 ወር፣ በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ጭመቃ፣ ያውም በባለሙያ ክትትል ነው የሚለው። ብዙ ሴት ሁለት ሳምንት ሞክራ አልሠራልኝም ትላለች። አንዳንዶቹም ሲያዩዋቸው ሆዳቸውን ወደ ታች እየገፉ ነው፣ ያ ጭራሽ ያባብሰዋል።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኮ! ኬግል ነው ያልኩት እኔም።

መረብ ያስገባሁት፦
የፊዚዮ ወንድሜ፣ ሴቶችን ከኦፕራሲዮን አታስፈራራ። እኔ ሁለት ዓመት ጭምቅ ልቀቅ ስል ኖርኩ። ቁጭ ብዬ ስነሳ እንኳ ያመልጠኝ ነበር። ከ4 ዓመት በፊት ተደረገልኝ፣ መጀመሪያ ሽንት አልወጣ ብሎኝ ለቀናት በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቱቦ) ቆየሁ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ደረቅ ነኝ። ሰርግ ላይ እጨፍራለሁ። በ2013 ኔዘርላንድ የወጣውን ጥናት ለምን አትጠቅስም? 460 ሴቶች ናቸው። ከ1 ዓመት በኋላ ተሻለኝ ያሉት በኦፕራሲዮን 91 ከመቶ፣ በፊዚዮ (በልምምዱ) 64 ከመቶ።

የፊዚዮ ባለሙያ፦
ልክ ነሽ፣ መጥቀስ ነበረብኝ። በፊዚዮ ከተመደቡት ግማሽ ያህሉ ራሳቸው ወደ ኦፕራሲዮን ተሻግረዋል። ያ ጥናት ግን መካከለኛና ከባድ የሆነባቸውን ነው ያየው። የአንቺም እንደዚያ ከባድ ነበር፣ ጠያቂያችን ገና ከወለደች 7 ወሯ ነው። ጭመቃ አልሞከረችም። ልጅ መጨመር የምታስብ ከሆነም ብዙ ሐኪም ጠብቂ ነው የሚላት፣ እርግዝናና ምጥ ችግሩን ሊመልሰው ስለሚችል።
መረቡን በተመለከተ፣ በጣም ይሠራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ሁሉ ተሠርቷል። ግን ሰውነት ውስጥ ለዘላለም የሚቀር ፕላስቲክ ነው፣ ችግር ካመጣ ማውጣቱ ከባድ ነው። አንዳንዶቹ ለዓመታት በሕመም ተሠቃይተዋል። እንግሊዝ በሐምሌ 2018 አጠቃቀሙን ለጊዜው ያቆመችው በዚህ ነው። በመረቡ ፈንታ ከራስሽ ሥጋ ተቆርጦ የሚሠራም አለ፣ ቁስሉ ይበልጣል። ከሐኪሙ ጋር ስትገናኚ «የትኛውን ነው የምትሠሩት? ችግር ቢመጣ ማን ያወጣልኛል?» ብለሽ ጠይቂ።

ቡናዬ፦
ቡናውስ? በቁም ነገር ነው የጠየቅኩት።

ሲስተር፦
ቡና ይበልጥ የሚያስቸግረው ድንገት ሽንት የሚያጣድፋቸውን ነው። ለሳል አይነቱ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ሦስቱንም ሲኒ ከመደርደር ቶናዋ ይበቃታል።

እትዬ ከጅሬን፦
ልጄ፣ ነገ ትምህርት ቤት መሄድሽ ነው፣ እነዚህ ስለ ሦስት ወር ያወራሉ። ለነገ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ ከወለድኩ በኋላ አንዲት አዋላጅ ያሳየችኝን። በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ትበቃለች። ነጠላ ጠቅልለሽ ከሥርሽ በቁመቱ አድርጊው። አሁን ፈስም ሽንትም አንድ ላይ እንደምትይዢ ሁኚ፣ ግን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢው። ከነጠላው ትንሽ እንደተነሳሽ ይሰማሻል። ቂጥሽን አታጠንክሪ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። ያንን ካገኘሽ፣ ሳሉ ሲመጣ ቀድመሽ ሳቢው፣ ይዘሽ ሳዪ፣ ከዚያ ልቀቂ። ማስነጠስም እንደዚያ። ጄሪካን ከማንሳትሽ በፊትም እንደዚያ።

የፊዚዮ ባለሙያ፦
እትዬ ያሉት ይህ በ1998 ተጠንቷል! 27 አረጋውያን ሴቶች 1 ሳምንት ብቻ ተለማምደው፣ በመካከለኛ ሳል የሚያመልጣቸው ሽንት በአማካይ 98 ከመቶ ቀነሰ፣ በኃይለኛ ሳል 73 ከመቶ። ከሁላችን በፊት ይህ ነበር መነገር ያለበት።

የሄርማታዋ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ልጁን አስተኝቼ በርጩማው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፣ ሆዴን ነበር የማጠነክረው። አምስተኛው ላይ ነጠላው ሲለቀኝ ገባኝ። ከዚያ ሆን ብዬ ሳልኩ። ትንሽ መጣ፣ እንደ ጠዋቱ ግን አይደለም። ለባልደረባዬ ቀጠሮው ይቆይ እላታለሁ። እዚህ ጅማ ይህን የሚያስተምር ፊዚዮ የት ነው የማገኘው?

ሲስተር፦
ሪፈራል ሆስፒታሉ ማህፀን ክፍል ሄደሽ ጠይቂ፣ ስትሄጂ «ስስል ያመልጠኛል» በይ፣ በሌላ ቃል አትሸፋፍኚው። የሽንት ምርመራውንም አትርሺ።

መረብ ያስገባሁት፦
ለባልሽም ንገሪው። እኔ 2 ዓመት ደብቄ ነው የተጎዳሁት። 3 ወር በደንብ ሠርተሽ ካልሆነ እኔን ጻፊልኝ፣ ኦፕራሲዮኑን አትፍሪው።

የሦስት ልጆች እናት፦
የሄርማታዋ፣ ሦስት ወር አለፈ እኮ። እንዴት ሆንሽ?

ከአጋሮ፦
እኔም መልሷን እየጠበቅኩ ነው። እትዬ፣ ነጠላው በቁመት ነው ወይስ በአግድም? እኔ ምንም አልተሰማኝም።