አባቴ ሲኦፒዲ አለበት፤ ለቤትና ለመኪና አየር ምን ታደርጋላችሁ?

የልደታዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሲኦፒዲ የሚባለው የሳንባ ሕመም አለበት። ሐኪሙ «ከጭስ ይራቁ» ብሎ ሸኘን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ እየኖሩ ከጭስ መራቅ እንዴት ነው? ጠዋት ጎረቤት ኮሪደሩ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል፣ በመስኮት የሚኒባስ ጭስ ይገባል፣ እማዬ ደግሞ ቡና ያለ ዕጣን አይሆንላትም። «ዕጣን ሰይጣን ያባርራል እንጂ ሰው ይገድላል?» ትለኛለች። ዘመዳችን ከዱባይ የአየር ማጣሪያ ላምጣላችሁ ብሏል፤ ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚለቅ ነው አሉ። ይጠቅማል? ለክትትል የምንሄደው በአሮጌ ቪትዝ ነው፤ ሜክሲኮ ጋ መንገድ ሲዘጋጋ ሳሉ ይነሳበታል። መስኮቱን ልዝጋ ወይስ ልክፈት?

አንድ_ተኩል_ሳንባ፦
እህቴ፣ ኦዞን የሚለቅ ማሽን እንዳታስገቢ! ኦዞን ራሱ የአየር ቧንቧን ያስቆጣል። ሄፓ ማጣሪያ ያለው ይምጣልሽ፤ ለክፍሉ ስፋት የሚመጥን ይሁን፣ አባትሽ በሚተኙበት ክፍል በሩ ተዘግቶ ይሥራ። ግን ሄፓ የሚይዘው ብናኝ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ጠርቷል» እንላለን አይደል? ጋዙ ያኔም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ማሽኑ ይደርሳል።

እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ቲቢው ድኖ ጠባሳው ሳንባዬ ላይ ቀረ። ቤታችን ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ሲቆላም ስለሚጨስ ተቆልቶ የተፈጨ እንገዛለን። ለዓመት በዓል ባለቤቴ ዕጣን ካላጨስኩ ስትል ጎረቤት ሄጄ ልቀመጥ እላለሁ፤ እዚያስ ዕጣን የለም እንዴ? በመጨረሻ በረንዳ ላይ እንድታጨስ፣ በሩ እንዲዘጋ ተስማማን። እናትሽን «ተዪው» ከማለት «በረንዳ ላይ ይሁን» ማለት ይቀላል።

በበጋ ጠዋት ብርዱ ጭሱን መሬት ላይ አፍኖ ያቆየዋል። መስኮት የምከፍተው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው፣ ያውም በመንገዱ በኩል ያልሆነውን። ከሁሉ የምፈራው ኅዳር 12ን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ያህል ሰው ከጨረሰ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያጥናል፤ በሽታ ለማስወጣት የሚነደው ጭስ እኛን አልጋ ላይ ይጥለናል። የዚያን ዕለት በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ደፍኜ ቤቴ እውላለሁ።

ሾፌር_ካዛንቺስ፦
መኪናውን ለእኔ ተዉት። ትራፊክ ውስጥና ከአይሱዙ ኋላ ስትሆኚ መስኮቱን ዝጊና የመኪና ሥዕል ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለበትን ቁልፍ ተጫኚ፤ የውስጡን አየር ብቻ ያዞራል። መንገዱ ሲለቅ መልሺው፤ ታፍኖ ከቆየ ያስደብታል። የኤሲው ፊልትሮ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። አንዳንዱ ቪትዝ ቦታው ብቻ ኖሮት ፊልትሮ አይገጠምለትም፤ ከፍተሽ እዪ። የምትንጠለጠለዋን ሽቶ ደግሞ ጣያት።

ነርስ_ነኝ፦
የተባለው ልክ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለሳንባ ሕመምተኛ ተጨማሪ ሸክም ነው። ኤን95 ማስክ ብናኝ ይከላከላል፣ ግን መተንፈስ ሊያከብድባቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ጠይቁ። ቤት ሲጸዳ መጥረጊያ ሳይሆን እርጥብ ጨርቅ፤ በረኪናም እሳቸው ባሉበት አይሁን። ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠራቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የልደታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኪሱን ፈትቼ አየሁ፤ ፊልትሮ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ ነው። ሶማሌ ተራ አገኛለሁ?

ሾፌር_ካዛንቺስ፦
አታጪም። የሞዴሉን ኮድ ከሞተሩ ክፍል ላይ በስልክሽ አንሺና ይዘሽ ሂጂ፤ «ለቪትዝ» ብቻ ካልሽ ልኩ ያልሆነ ይሰጡሻል።