አባቴ ተኝቶ ትንፋሹ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ደም እያጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ። አባቴ ማታ በጣም ያንኮራፋል፣ ከዛ ድንገት ጸጥ ይልና ቆይቶ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይባንናል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል ግፊትም አለበት። ሐኪሙ ስሊፕ አፕኒያ (ተኝተው ሳለ ትንፋሽ እየቆመ መመለስ) ይሆናል ብሎ የእንቅልፍ ምርመራ አዞለታል፣ እሱ ግን ማንኮራፋት ምን በሽታ ነው ብሎ እምቢ አለ። ትንፋሹ ሲቆም ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው ደምም ይቆማል እንዴ?

መልስ 1፦ አይቆምም፣ እንደውም ይጨምራል። ካልተነፈሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እሱ የአንጎልን ደም ስሮች ያሰፋል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ክፉው ሰዓት አየር ከሳበ በኋላ ነው፣ ካርቦኑ ቶሎ ስለሚወጣ ስሮቹ መልሰው ይጠባሉ፣ ግፊቱም ይወርዳል፣ ፍሰቱ ከመጀመሪያው በታች ይሆናል። አንዱ መቋረጥ ቢያንስ 10 ሰከንድ ነው፣ ከባድ የሚባለው በሰዓት 30 ጊዜና ከዛ በላይ ሲሆን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደዛ ከፍ ዝቅ ሲል አስቢው።

መልስ 2፦ ትክክል ነው። ጤነኛ አንጎል ግፊት ሲወጣና ሲወርድ የሚገባለትን ደም ራሱ ይመጥናል፣ አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ ግን ይሄ አቅም ይዳከማል፣ ቀንም ጭምር። ስትሮክ የሚፈራው ለዚህም ነው፣ አባትሽ ደግሞ ግፊት አለበት ስለዚህ ምርመራውን አታዘግዩት። ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይ ንግግሩ ከተኮላተፈ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

መልስ 3፦ ሲተኛ በስልክ ቅረጪውና አሳዪው፣ ራሱን ሲያይ እምቢ ማለቱ ይከብደዋል፣ ለሐኪሙም ይጠቅማል። እስከዛ በጎኑ ይተኛ፣ ማታ መጠጥ ይቅር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ሐኪም ሳያውቅ እንዳይወስድ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ የኔ ወንድም እህቶች። ሲፓፕ (ሲተኙ በማስክ አየር የሚገፋው ማሽን) ቢታዘዝለት ስትሮኩ ይቀርለታል ማለት ነው?

መልስ 2፦ ይቀራል ብዬ ቃል አልገባልሽም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ሲፓፕ ስትሮክና የልብ ሕመምን አልቀነሰም፣ ግን ሰዎቹ በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር ያደረጉት። ማንኮራፋቱና የቀን ድብታው ግን ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ የግፊት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ማሽኑንም ካገኘ ሌሊቱን ሙሉ ያድርገው።

መልስ 3፦ ማስኩን ፊቱ ላይ አስለክተው ይስጡት፣ አየር የሚያፈስ ከሆነ በሁለተኛው ቀን አውልቆ ነው የሚጥለው