የመሬት መንቀጥቀጡ ቅጣት ነው ወይስ ምልክት? የኮየ ፈጬ ጀመዓ ክርክር

ጠያቂው፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጀመዓ። ታኅሣሥ 2017 ከአዋሽና ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ዳር ኮየ ፈጬ ድረስ ፎቁን ሲያወዛውዝ ብርድ ልብስ ይዘን ወርደን ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ገሚሱ «የአላህ ቅጣት ነው» ይላል፣ ገሚሱ «ሳይንስ ነው፣ አለቀ» ይላል። እናንተስ?

ባለ ሱቁ፦ ቅጣት ነዋ! ሱረቱል አዕራፍን አንብቡ። የመድየን ሰዎች ነቢዩ ሹዓይብን አስተባበሉ፣ የምድር መንቀጥቀጥ ያዘቻቸው። የዘንድሮን የሴት አለባበስ እያየን ምን እንጠብቅ?

እትዬ፦ ደግሞ በሴት መጣህ? ክርስቲያኗ ጎረቤቴ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ትለኛለች፣ አንተ እዚህ ቀሚስ ትለካለህ።

ኢንጂነሩ፦ ስምጥ ሸለቆው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ እየሰፋ ነው። ከሥሩ ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ ምድር ትናጣለች። ቅጣት ከሆነ፣ አዋሽ ፈንታሌ ቤቱ የፈረሰበት አርብቶ አደር ከአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ምን አጠፋ?

የመድረሳው መምህር፦ ባለ ሱቁ ወንድሜ፣ ያን ሱራ ከ85ኛው አንቀጽ ጀምረህ አንብበው። ሹዓይብ ስለ ልብስ አላነሱም። አላህን ተገዙ፣ ስፍርና ሚዛንን ሙሉ፣ የሰውን ንብረት አታጉድሉ፣ በምድር ላይ አታበላሹ ነው ያሉት። መድየንን ከጠቀስን እንግዲህ ሚዛናችንን እናውጣ። ሲሚንቶ ቆጥቦ ያቦካ፣ ብረት ቀንሶ ያሰረ ሁሉ ይጠየቅ። (ያን ሌሊት እኔን ያስፈራኝ ከምድሪቱ ይልቅ ምሰሶው ነበር።)

ደግሞ የነቢዩ ﷺ ልጅ ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዉ «ለእሱ ሞት ነው» አለ። ሐዘን ላይ ያለ አባት ይህን ቢሰማ ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች ናቸው፣ ለማንም መሞት ወይም መኖር ብለው አይጋረዱም አሉ። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ባለ ሱቁ፦ ኸሊፋው ዑመርስ? መዲና ስትንቀጠቀጥ «እናንተ ባመጣችሁት ነገር ነው፣ ከተደገመ አብሬያችሁ አልኖርም» ማለታቸው ተዘግቧል።

የመድረሳው መምህር፦ እሳቸው የተቆጡት አብረዋቸው በሚኖሩት ላይ ነው፣ በሚመሩት ሕዝብ። አንተ ከሱቅህ ሆነህ ሩቅ አገር ቤቱ በፈረሰበት ሰው ላይ ትፈርዳለህ።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲያው ምልክት የሚባለውን ነገር እንተወው?

የመድረሳው መምህር፦ ኧረ በፍጹም! ቁርኣን ሱረቱ አዝ-ዛሪያት አንቀጽ 20 ላይ በምድር ውስጥ ለሚያረጋግጡ ሰዎች ምልክቶች አሉ ይላል። ያንተው ስምጥ ሸለቆ አንዱ ነው። ነቢዩም በግርዶሹ ዕለት ደንግጠው ነው የተነሱት፣ ስገዱ፣ ሶደቃ ስጡ አሉ። ጣታችሁን ቀስሩ ግን አላሉም።

ባለ ሱቁ፦ እኔ አቋሜን አልለውጥም። ሚዛኑን ግን ነገ ከዙህር በኋላ ኑና እዩት።

እትዬ፦ እንመጣለን። ከስኳሩ ነው የምንጀምረው።