የጀማሪ ሶፍትዌር ገንቢ ደመወዝ፦ መታገሥ ወይስ መልቀቅ?

ጥያቄ፦
በሶፍትዌር ገንቢነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደመወዜ ስገባ ከነበረው እምብዛም አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ከድረ ገጽ ጥገና አልፎ ሲስተሙ ሌሊት ሲቋረጥ ተነሥቶ እስከ ማስተካከል ደርሷል። መጠሪያዬ አሁንም «ጀማሪ» ነው። ልታገሥ ወይስ ሌላ ቦታ ልፈልግ?

መልስ 1፦
ለጀማሪ ዝቅ ያለ ደመወዝ የሚከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲስ ሰው የድርጅቱን ኮድ እስኪለምድ ድረስ የነባር ባልደረቦችን ጊዜ ይወስዳል፣ የሚጽፈውም ሁሉ በሌላ ሰው መገምገም አለበት። የተቋረጠን ሲስተም ብቻውን የሚያስነሣ ሰው ግን ያንን ደረጃ አልፏል። ትልቁ ችግር ዓመታዊ ጭማሪው የሚሰላው በዚያው ዝቅተኛ መነሻ ላይ መሆኑ ነው፤ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨመርልዎ እንኳ ደመወዝዎ እጥፍ እስኪሆን 7 ዓመት ያህል ይፈጃል፣ ያውም የዋጋ ንረት ሳይታሰብ። መነሻውን የሚቀይረው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ውል ነው።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ሆኖም ከመልቀቅዎ በፊት የደረጃ ዕድገት መስፈርቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። መስፈርት ከሌላቸው (ብዙዎቹ የላቸውም) ያከናወኑትን በማስረጃ ያቅርቡ። «ዳታቤዙን አሻሻልኩ» ከማለት ይልቅ «4 ሰከንድ ይፈጅ የነበረውን ፍለጋ ኢንዴክስ (መረጃን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) በመጨመር ከግማሽ ሰከንድ በታች አወረድኩ» ማለት ለአለቃዎም ሆነ ለቀጣዩ ቀጣሪ የሚጨበጥ ነገር ነው።

መልስ 3፦
ኮድዎን በጥንቃቄ የሚገመግምልዎ ልምድ ያለው ሰው አለ? ካለ ጥቂት መቆየቱ ያዋጣል። ከሌለ ግን ደመወዙም ትምህርቱም ስለቀረብዎ ዛሬውኑ ማመልከት ይጀምሩ።